አንዲት ሴናተር ብትናገር ምን ይፈይዳል? ስለ አየርላንዷ ፍራንሲስ ብላክ የተደረገ ረጅም ክርክር

አየርላንድ ያሉ ሐበሾች በሚጽፉበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ተከፍቶ ብዙ ሰው ተከራከረበት። ርዝመቱ ስላስፈራቸው ብዙዎች መጀመሪያውን አይተው ትተውታል። እኔ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ቁም ነገር ስላለበት ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ማን ምን እንዳለ በየተራ ልንገራችሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አልጠራም። የመሰለኝን ግን እግረ መንገዴን እናገራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ክሩን የከፈተው ደብሊን የሚኖር ልጅ ነው። ሴናተር ፍራንሲስ ብላክ በአየርላንድ ላይኛው ምክር ቤት የተናገሩትን ከቃለ ጉባኤው ላይ ሲያነብ ሰንብቷል። አንድ ቀን ስለ ሱስ፣ አንድ ቀን ስለ አእምሮ ጤና፣ ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ፍልስጤም ይናገራሉ። ልጁ በንግግሩ አልተከፋም። የከነከነው ሌላ ነገር ነው። ይህ ምክር ቤት በጀት አይወስንም። መንግሥት አያወርድም። ሕግ ቢያዘገይ እንጂ አያስቀርም። ሴትዮዋ ደግሞ ፓርቲ የላቸውም። ታዲያ ከ60 ሰው መሀል አንዲት ሴት ተነስታ ብትናገር ምን ይፈይዳል? ቃለ ጉባኤ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም ካለው አሳዩኝ የሚል ነው ጥያቄው። የብዙዎቻችን ጥያቄ ይመስለኛል።

1ኛውን ምላሽ የሰጠችው ሴት በጨዋ ደንብ ነው የጀመረችው። ከመፍረድ በፊት ሴትዮዋን ማወቅ ይሻላል ባይ ነች። ፍራንሲስ ብላክ ወደ ፖለቲካ የመጡት በድምፃዊነት ከታወቁ በኋላ ነው። በ1960 ደብሊን ተወለዱ። አባታቸው በሰሜን በኩል ካለችው የራትሊን ደሴት ናቸው። እህታቸው ሜሪ ብላክም ስመ ጥር ድምፃዊት ናቸው። ፍራንሲስ ከአልኮል ሱስ የወጡ ሰው መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። በ2009 ራይዝ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራው ሱስ ያለበትን ሰው ቤተሰብ መደገፍ ነው። ሴኔት የገቡት በ2016 ሲሆን በ2020 እና በ2025 እንደገና ተመርጠዋል።

2ኛው ሥርዓቱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ምክር ቤቱ በአይሪሽ ሻናድ ይባላል። ከ60ው መቀመጫ 11ዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ በስም ይመርጣል። 6ቱ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ድርሻ ነው። የቀሩት 43 በአምስት የሙያ ዘርፎች ተከፍለው ይመረጣሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚገረመው፤ የእነዚህ መራጮች ተራው ሕዝብ አይደለም፤ የአካባቢ ምክር ቤት አባላት፣ የታችኛው ምክር ቤት የዶል አባላትና ተሰናባቾቹ ሴናተሮች ናቸው። በ2025 ሁሉም ተደምረው 1,183 ነበሩ። ብላክ የገቡት በኢንዱስትሪና ንግድ ዘርፍ ነው። መራጩ አብዛኛው የፓርቲ ሰው ሆኖ ሳለ ፓርቲ የሌላቸው ሴት ደጋግመው ማለፋቸው ቀላል ነገር እንዳልሆነ ጸሐፊው አስምሮበታል። ከዚያ በሥልጣን ጉዳይ ከልጁ ጋር ተስማማ። ዶል ያጸደቀውን ሕግ ሴኔቱ ማዘግየት የሚችለው ለ90 ቀን ነው። የገንዘብ ሕግ ከሆነ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም።

3ኛው እሳት ጎርሶ መጣ። እንዲህ ያለ ምክር ቤት የጡረተኛ ፖለቲከኛ ማረፊያ ነው፣ ሕዝቡም ሊዘጋው ቋፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግብራችን በከንቱ እየባከነ ነው አለ። ስለ ብላክ አንድም ቃል አልጻፈም።

4ኛው ሙሉውን ታሪክ አስቀመጠለት። በኦክቶበር 2013 የጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ መንግሥት ሴኔቱን ለመዝጋት ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ ነበር። በዓመት 20 ሚሊዮን ዩሮ ይተርፋል የሚል ቅስቀሳም ተደርጓል፤ አሃዙን ግን ብዙዎች አልተቀበሉትም። ሕዝቡ በ51.7 በመቶ አይዘጋም ብሎ ወሰነ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ድምፅ የሰጠውም ከመራጩ 39 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቢሆንም አይዘጋም ተብሏል። ኬኒም ሽንፈቱን ተቀበሉ። 4ኛው ጸሐፊ ከዚህ ያወጣው ነገር ደስ ብሎኛል፤ ሕዝቡ ሴኔቱን ወዶት ሳይሆን መንግሥትን የሚጠይቅ አንድ ተጨማሪ ቦታ እንዳይጠፋበት ነው ባይ ነው።

5ኛው ምላሽ ከክሩ ሁሉ የነካኝ ነው። የጻፈችው ኮርክ የምትኖር እህት ነች። ወንድሟ በመጠጥ ተጎድቷል። ቤት ውስጥ ጠርሙስ መደበቅ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ለዘመድ መዋሸት ምን እንደሚመስል ጻፈች። ከዚያ ወደ ሴኔቱ መለሰችን። ብላክ በሱስ ጉዳይ ሲናገሩ ከወረቀት እንደሚያነብ ሰው አይደሉም፤ ቤተሰብ የሚያየውን አይተዋል ትላለች። እውነቷን ነው። የአየርላንድ የአልኮልና የሕዝብ ጤና ሕግ ረቂቅ በዲሴምበር 2015 የቀረበው እዚያው ሴኔት ውስጥ ነበር። ብላክ ከገቡ ጀምሮ ከጠንካራ ደጋፊዎቹ አንዷ ሆኑ። ሕጉ በኦክቶበር 2018 ጸደቀ። ይህች እህት ሱቅ ውስጥ ስለምትሠራ ለውጡን በዓይኗ አይታለች። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ መጠጥ ከሌላው ሸቀጥ ተነጥሎ መቀመጥ ግድ ሆነ። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ተቆረጠለት፤ ለእያንዳንዱ ግራም አልኮል ቢያንስ 10 ሳንቲም። ወንድሟ በሕጉ ምክንያት እንዳልዳነ በግልጽ ተናግራለች። ነገር ግን ከወተትና ከዳቦ ጎን የተደረደረ ርካሽ ቢራ አለማየት ለእሱም ለእሷም እረፍት ነው።

6ኛው በትሕትና እህቴ ብሎ ጀምሮ ሌላውን ወገን አሳየ። ያው ሴኔት ሕጉን ከአንድ ዓመት በላይ ያጓተተ ቤት ነው። በ2016 መጨረሻ የሱቅ ባለቤቶች መጠጡ ተነጥሎ ይቀመጥ የሚለውን አንቀጽ ተቃወሙ። ሴናተሮች ላይ ግፊት በዛ። ረቂቁ ቆመ። ከሴኔቱ የወጣው በ2017 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ አቅም የለውም ማለት ልክ አይደለም፤ አቅሙ ለማጓተትም ይሆናል የሚል ነው። ይህን ነጥብ ልጁ አላሰበበትም ነበር። እኔም ብዙ ሰው የሚረሳው ይመስለኛል።

7ኛው ዋጋ መጨመር ድሃውን ብቻ ይጎዳል አለ። 8ኛው የድሃ ጉበት ከሀብታም ጉበት በምን ይለያል ብሎ መለሰለት። 9ኛው ስለ ጠላና ጠጅ አነሳ። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ስለ ጠጅ አጣጣል አወሩ፤ አልፈዋለሁ።

ክሩን ወደ መስመሩ የመለሰው 12ኛው ነው። ልጁ ዋናውን ሥራቸውን ዘሎታል አለና በረጅሙ ጻፈ። በጃንዋሪ 2018 ብላክ የራሳቸውን ረቂቅ ሕግ ወደ ሴኔት አመጡ። በወረራ በተያዙ ግዛቶች ላይ ከተገነቡ ሰፈራዎች የሚመጣ ዕቃና አገልግሎት አየርላንድ ውስጥ እንዳይገበያይ የሚከለክል ነው። የተላለፈ ሰው ቅጣቱ እስከ 250,000 ዩሮ ወይም እስከ አምስት ዓመት እስር ይደርሳል። ነገሩ በፍልስጤም ምድር ያሉትን የእስራኤል ሰፈራዎች ስለሚነካ፣ የመጀመሪያው ክርክር ገና ሳይጀመር እስራኤል የአየርላንድን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። ክርክሩ ተካሄደ፤ ብላክም መንግሥት ጊዜ ስጡን ሲል ድምፅ መስጠቱ እስከ ክረምት እንዲቆይ ተስማሙ። ጁላይ 11 ቀን 2018 ድምፅ ተሰጠ። 25 ለ20 አለፈ። በዲሴምበር ሴኔቱ ጨርሶ አጸደቀው። በጃንዋሪ 2019 ኒያል ኮሊንስ የተባሉ የፊያና ፎይል ፓርቲ ተመራጭ ወደ ዶል ወሰዱት፤ እዚያም 78 ለ45 ወደ ቀጣዩ ደረጃ አለፈ። መንግሥት የመሠረተው ፓርቲ ፊን ጌል እየተቃወመ ማለት ነው። ፓርቲ የሌላት አንዲት ሴናተር መንግሥትን በሁለቱም ምክር ቤት አሸነፈች ሲል ነው የደመደመው።

13ኛው ምላሽ ከእስራኤል ነው። የእኛው ሰው ነው፤ ቤተ እስራኤል። የወለደው ልጅ ወታደር ነው። አየርላንድ እስራኤልን ትጠላለች፣ ዓለም ላይ ስንት ግፍ እያለ ለምን እኛ ላይ ብቻ ይዘምታሉ ብሎ አዝኖ ጻፈ። አየርላንድ በሜይ 2024 ለፍልስጤም እውቅና መስጠቷን፣ እስራኤልም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደብሊን ያለውን ኤምባሲዋን ለመዝጋት መወሰኗን አስታወሰ። ቁጣው ከልብ ነው። ማንንም አልሰደበም።

14ኛው ወንድሜ ብሎ በአክብሮት አረመው። የብላክ ረቂቅ የእስራኤልን ስም አይጠራም። የሚለው በዓለም አቀፍ ሕግ በወረራ የተያዘ ተብሎ የታወቀ ግዛት ነው። ከቴል አቪቭ ወይም ከሃይፋ የሚመጣ ዕቃ አይነካም። የሚከለክለው ከድንበሩ ውጭ ባለው ሰፈራ የተሠራውን ነው። 15ኛው ግን ይህን ጨዋነት አበላሸው። የእስራኤሉን ሰው በዘሩና በሃይማኖቱ ሰደበው። አስተባባሪዎቹ ምላሹን አጠፉት፤ ደግ አደረጉ።

16ኛው የእስራኤሉ ሰው ራሱ ነው፤ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ሌላ ነጥብ ይዟል። በሰፈራዎቹ ፋብሪካ የሚሠሩ ፍልስጤማውያንም አሉ፣ እገዳው የእነሱን እንጀራ ይዘጋል ባይ ነው። ክብደት ያለው ሙግት ነው። መልስ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ቅር ብሎኛል። 17ኛው የመለሰለት በአጭሩ ነው፤ በገዛ መሬቱ ላይ የሌላ ሰው ተቀጣሪ ሆኖ መኖርን እንደ ጥቅም መቁጠር ይከብደኛል አለ። እኔ ከ17ኛው ጋር ነኝ። የ13ኛውን ሰው ሕመም ግን ንቆ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

18ኛው ለ12ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። አሸነፈች ካላችሁ ሕጉ የታለ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም እንዴት እንደታነቀ አብራራ። በአየርላንድ ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስወጣ ሕግ በዶል ሊያልፍ የሚችለው መንግሥት ፈቃዱን በጽሑፍ ሲልክ ነው። መንግሥት ያንን ደብዳቤ አልላከም። ምክንያቱ ሌላ ነበር፤ የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይመን ኮቭኒ ንግድ የአውሮፓ ኅብረት ሥልጣን እንጂ የአንድ አገር አይደለም፣ ሕጉ ኅብረቱን ይጥሳል ሲሉ ቆይተዋል። በ2020 ዶል ተበተነ። አዲሱ ጥምር መንግሥት በዕቅዱ ውስጥ ሕጉን አላካተተም። ሕጉ ስድስት ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቀረ።

19ኛው ቀጣዩን ክፍል ጨመረ። በጁላይ 2024 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ምክረ ሐሳብ ሰጠ። አገሮች በወረራ በተያዘው ግዛት የተሠሩትን ሰፈራዎች የሚደግፍ ንግድ እንዲያቆሙ የሚል ነገር አለበት። በኦክቶበር 2024 የአየርላንድ መንግሥት የሕግ አማካሪው አስተያየት መለወጡን ገለጸ። በ2025 ደግሞ ራሱ መንግሥት የሰፈራ ዕቃ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ አወጣ። የተቃወመው ወገን መልሶ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ረቂቁ ግን ዕቃን ብቻ ነው የያዘው፤ የብላክ ረቂቅ አገልግሎትንም ይጨምር ነበር። የፓርላማው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በጁላይ 2025 አገልግሎትም ይግባበት ብሎ መክሯል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ክሩን የከፈተው ልጅ ጥያቄውን ያቀረበው ንግግርን ብቻውን ነጥሎ ነው። ንግግር ብቻውን ቢሆን እኔም እንደሱ እጠራጠር ነበር። ብላክ ግን ተናግረው አልተቀመጡም። የተናገሩትን ወደ ረቂቅ ሕግ ቀየሩት። ረቂቅ ሲሆን እያንዳንዱ ሴናተር ደግፌያለሁ ወይም ተቃውሜያለሁ ብሎ ድምፅ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ዓመታት ቢያልፉም ያንኑ ጉዳይ አልተዉትም። በየስብሰባው ያነሱታል። ሚኒስትሩ ሲቀየር አዲሱን ይጠይቃሉ። ሥልጣን የሌለው መቀመጫ ክብደት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ስለ ሃያ ጉዳይ እየተናገረ በአንዱም የማይጸና ሴናተር ግን ልጁ እንዳለው ቃለ ጉባኤ ይሞላል።

20ኛው የጻፈው ረጅም ዘመን አየርላንድ የኖረ ሰው ነው። ጉዳዩ በፓርላማ አልተጀመረም ብሎ የደብሊን የሱቅ ሠራተኞችን ታሪክ አወራ። ጁላይ 19 ቀን 1984 ሜሪ ማኒንግ የምትባል የደንስ ስቶርስ ገንዘብ ተቀባይ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ፍሬ አልሸጥም አለች። የሠራተኛ ማኅበሯ ውሳኔ ነበር። ከሥራ ታገደች። ጓደኞቿ አብረዋት ወጡ። አድማው ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ በ1987፣ የአየርላንድ መንግሥት የደቡብ አፍሪካ አትክልትና ፍራፍሬ እንዳይገባ ከለከለ። ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ወጥተው በ1990 ደብሊን ሲመጡ እነዚህን ሠራተኞች አግኝተዋቸዋል። ጸሐፊው እንደሚለው ስለ ሰፈራ ዕቃ ሲከራከሩ አይሪሾች ይህን አይረሱም። ከላይ ያነሳነው የፍርድ ቤቱ ምክረ ሐሳብ የወጣውም በዚሁ ቀን፣ በጁላይ 19 ነው፤ ልክ በ40 ዓመቱ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጋለ። 21ኛው አየርላንድ ስለ ፍትሕ የማስተማር መብት የላትም አለ። በ2021 በጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጣ አገራችንን ስትከስ የነበረችው ማን ነበረች ብሎ ጠየቀ። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2021 ከስድስቱ የአየርላንድ ዲፕሎማቶች አራቱን ማስወጣቷ ደግ ሥራ ነው ሲል ጻፈ።

22ኛዋ በእንባ የጻፈች ይመስለኛል። ቤተሰቧ ትግራይ ነበር። ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ እናቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳታውቅ ወራት አልፈዋል። በዚያ ጊዜ የእኛን ነገር ያነሳ ሰው ሁሉ ለእኔ ባለውለታ ነው አለች። 23ኛው ደግሞ በሌላ ቦታ የተገደሉበትን ዘመዶቹን አነሳ፤ ለእነሱስ ማን ተናገረ ብሎ። ከ24 እስከ 27 ያለውን አልተርክም። ስድብ ነው። ሁሉም ሐዘን ይዞ ነበር፤ መደማመጥ ግን አልተቻለም። አስተባባሪው ገብቶ ሁለት ሰዎችን አገደ።

28ኛው ነገሩን አበረደው። በ2021 እና 2022 አየርላንድ በጸጥታው ምክር ቤት የነበራትን አቋም የያዙት ሚኒስትር ኮቭኒና በኒውዮርክ የነበሩት አምባሳደር ጄራልዲን ባይርን ኔሰን ናቸው እንጂ ብላክ አይደሉም። የመንግሥትን ፖሊሲና የአንድ ሴናተርን ንግግር አትደባልቁ አለ። አያይዞም አየርላንድ በ1994 አዲስ አበባ ኤምባሲ ከከፈተች ወዲህ ኢትዮጵያ የአየርላንድ እርዳታ ዋና መዳረሻ ከሆኑት አገሮች አንዷ መሆኗን፣ ኮንሰርን የተባለው የአይሪሾች ድርጅትም ከ1970ዎቹ ጀምሮ አገራችን ውስጥ መሥራቱን ጠቀሰ። ግንኙነታችን በአንድ ዓመት ጠብ አይለካም ማለቱ ነው።

29ኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። እሳቸው ወደ 1935 ወሰዱን። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ የአየርላንዱ መሪ ኤመን ዴ ቫሌራ ጄኔቫ ሄደው የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን ይከበር ብለው ተናገሩ። አየርላንድ ካቶሊክ አገር ናት። ጣሊያንን መቃወም በአገር ውስጥ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም በኖቬምበር 1935 ፓርላማቸው በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ሕግ አወጣ። የትንሽ አገር ድምፅ ንቀን አናውቅም፣ ያኔም የሚናገርልን ስንፈልግ ነበር ሲሉ ጻፉ።

30ኛው ጋሼን በአክብሮት አሟላላቸው። ማዕቀቡ በ1936 ክረምት ተነስቷል፤ አየርላንድም ከሌሎቹ ጋር ተወችው። ጃንሆይ በጁን 30 ቀን ጄኔቫ ላይ ካሰሙት አቤቱታ በኋላ ዴ ቫሌራም በዚያው ጉባኤ ተናግረዋል፤ ንግግራቸው የሽንፈት ንግግር ነበር። ጸሐፊው ሌላም ነገር አከለ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ዴ ቫሌራ የአየርላንድን ሴኔት ዘግተውት ነበር፣ ሕጎቻቸውን ስላዘገየባቸው። ዛሬ ያለው ሴኔት በ1937ቱ ሕገ መንግሥት እንደ አዲስ ተቋቁሞ በ1938 ሥራ የጀመረ ነው። ጋሼ አመሰገኑት።

31ኛዋ የሜሪ ሮቢንሰንን ምሳሌ አመጣች። ሮቢንሰን ከ1969 እስከ 1989 ሴናተር ነበሩ። በዚያ ዘመን አየርላንድ ውስጥ የወሊድ መከላከያ መሸጥ በ1935 ሕግ የተከለከለ ነበር። በ1971 ክልከላውን የሚያነሳ ረቂቅ ይዘው መጡ። ሴኔቱ የመጀመሪያውን ንባብ እንኳ ነፈጋቸው፤ በዚህም ረቂቁ ታትሞ ሊወጣ አልቻለም። ሕጉ መላላት የጀመረው በ1979 ነው፤ ያውም በሐኪም ማዘዣ። በ1985 ደግሞ ኮንዶም ያለ ማዘዣ ለአዋቂ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ሮቢንሰን በ1990 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1992 ረሃብ የጠናበትን የሶማሊያን ሕዝብ ለማየት ሞቃዲሾ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ የተሸነፈው ረቂቅ ዋጋ ቢስ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ልጁን ወንድም ጋሼ ብላ ነው የጠራችው፤ ታናሹ ሳትሆን አትቀርም።

32ኛው ራሱ ክሩን የከፈተው ልጅ ነው። በ1984ቱ አድማና በሮቢንሰን ታሪክ ተደስቷል። ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀየረም። ከስድስት ዓመት በላይ የተንጠለጠለ ሕግ ውጤት ነው ብሎ መቀበል ይከብደዋል። በዚያ ላይ መንግሥት ያወጣው ረቂቅ ከብላክ ረቂቅ የጠበበ ነው። በመካሄድ ላይ ያለውን ትግል አደንቃለሁ፣ የምቆጥረው ግን የጸደቀውን ነው አለ። ፊት ለፊት መናገሩን ወደድኩለት።

33ኛው ክርክሩን ትቶ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነገር ጻፈ። አየርላንድ ውስጥ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ዜግነት አያስፈልግም። ዕድሜው 18 የሞላና እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ መመዝገብ ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀም ቢሆን። የአካባቢ ምክር ቤት አባላት 949 ናቸው። ከላይ 2ኛው እንደነገረን 43ቱን ሴናተሮች ከሚመርጡት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የእነሱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ገና የሚጠብቅ ሐበሻ ሳይቀር ሴናተር የሚመርጠውን ሰው ይመርጣል። ይህንን ስንቱ ያውቃል? እኔ ያነጋገርኳቸው አብዛኞቹ አያውቁም።

34ኛዋ ነርስ ናት። ዲግሪዋን ከአየርላንድ ኮሌጅ አግኝታለች፣ ዜግነትም ወስዳለች። የዩኒቨርሲቲ መቀመጫው የሁለት ተቋማት ምሩቃን ብቻ ነው ተብሎ እንደተነገራት ጻፈች። 35ኛው ነገሩ መለወጡን ነገራት። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያ አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ ሕዝቡ በ1979 መብቱ ለሌሎች ተቋማትም እንዲሰፋ ድምፅ ሰጥቶ ሳለ ፓርላማው ከ40 ዓመት በላይ ሳያስፈጽመው ቆይቷል። በ2024 አዲስ ሕግ ወጣ። ከእንግዲህ 6ቱ መቀመጫዎች በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ምርጫ ክልል ይጠቃለላሉ። ዜግነት ያለውና በሕጉ ከተካተቱት የአየርላንድ ተቋማት የተመረቀ መራጭ ይሆናል። የጃንዋሪ 2025ቱ ምርጫ በድሮው ስለተካሄደ አዲሱ የሚጀምረው በሚቀጥለው ነው። ነርሷ ስንት የሥራ ባልደረቦቿ ይህን እንደማያውቁ ጽፋ ለሁሉም እልካለሁ አለች።

36ኛው የመጨረሻው ነው፤ ልጁ እንደገና። ለአካባቢ ምርጫው የት እንደሚመዘገብ ጠየቀ። አስተባባሪው በመንግሥት የመራጮች መዝገብ ድረ ገጽ ወይም በሚኖርበት አካባቢ ምክር ቤት ቢሮ መሆኑን ነገረው፤ ቀጣዩ ምርጫ በ2029 ነው፣ ጊዜ አለህ ብሎ። ልጁ ዛሬውኑ እንደሚመዘገብ ጽፏል።